ቀይ የነካው እልልታ

ምሥራቅ ከሚባለው ሠፈር በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ አንድ ተማሪ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ ከፍቶ ብቻውን ይነጫነጫል። አጠገቡ የተቀመጡት ሴትዮ አላስቻላቸውም።

«ምን ሆንክ ልጄ?»

«ለእህቴ ሠርግ ዘፈን ሠርቼ ነበር፣ እማማ። መጨረሻው ላይ የእናቴን እልልታ አስገባሁበት። እሱ አበላሸብኝ።»

«ደግሞ እልልታ ምን ያበላሻል?»

«ድምፁ ከልክ ያልፋላ! ይኸው፣ የድምፅ መለኪያው ቀዩን ነካ። እንዲህ እንዳለ ካወጣሁት ትልቅ ስፒከር ላይ ይሰነጠቃል።»

«ዝቅ አድርገዋ!»

«ዘፈኑን በሙሉ ዝቅ ባደርገው ሹክሹክታ ሆነ። እልልታውን ብቻ ዝቅ ሳደርገው ደግሞ እናቴ ሰምታ፣ ‹ልጄን የምድረው ተደብቄ ነው እንዴ?› ብላ ተቆጣች።»

«እውነቷን ነው!»

«ሠርጉ እኮ ነገ ነው፣ እማማ!»

«እስቲ አሰማን። ሾፌር፣ የልጁን ዘፈን ክፈትለት።»

ልጁ ላፕቶፑን ከታክሲው ስፒከር ጋር በብሉቱዝ አገናኘ። የእናቱ እልልታ ሲመጣ ሴትዮዋ በእልልታ ተቀበሉት፤ ከኋላ ያሉት ሴቶችም ተከተሏቸው።

«እህስ፣ ተሰነጠቀ?»

«እኔ እንጃ! በእናንተ እልልታ መች ሰማሁት?»

«ነገስ እናትህ እልል ስትል ዝም የሚል ሰው ያለ መሰለህ? እንዳለ አውጣው!»

ልጁ እየሳቀ «እሺ እማማ» አለ።

«ድገመዋ!» አለ ሾፌሩ፣ ድምፁን ጨመር እያደረገ።

ባህል አዳራሽ ስንደርስ «ወራጅ አለ» ልል አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን እልልታ ነበር።