ከምንጣፉ ሥር ያለው ሙቀት

በ2000 ዓ.ም. ጥር ሳዑዲ ዓረቢያ ደማም ውስጥ ማንም ያልጠበቀው ብርድ ገባ። አንድ ሐሙስ ከምሠራበት ክሊኒክ ወጥቼ በአል መዝሩዒያ ሰፈር ሳልፍ፣ ከኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ በር ላይ ጋሽ ጉደታን አገኘኋቸው። ለአንድ ቤተሰብ ሾፌር ናቸው፤ ዓርብ ዓርብ ደግሞ ሰው እንዳይሰማን መስኮት ዘግተን የምንጸልየው እሳቸው በተከራዩት ክፍል ነው። እጃቸው ላይ ሊገዙት ያነሡት አዲስ ማሞቂያ አለ። ከጎናቸው ናሁሰናይ ቆሟል፤ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ጨርሶ ጎረቤት ከተማ ኮባር ውስጥ የአየር ማቀዝቀዣ የሚጠግን፣ ነገር ሳይጠይቅ የማያልፍ ወጣት ነው።

«ጋሼ፣ ይህን የት ሊሰኩት ነው?» አላቸው።

«ከአሮጌው ጎን ነዋ። የሚልካ ልጅ ሳሉ አልለቀቃትም። የሞቀችው ቦታ ብቻዋን አልበቃቻትም።»

የሞቀችው ቦታ በመካከላችን የታወቀች ናት። ከምንጣፉ መሐል ላይ አንዲት ስፍራ፣ ማሞቂያው በበራ ቁጥር ለብ ትላለች። ጋሽ ጉደታ የታመመ ሰው ሲመጣ እዚያ ያስቀምጣሉ። ጎረቤታቸው ሚልካም ሕፃኗን ኦሪትን የምታስተኛው እዚያው ነው።

የናሁሰናይ ፊት ተለወጠ። «ከሥሯ ምን አለ?»

«ኤክስቴንሽኑ ነዋ። ሰው እንዳይጠለፍበት ትርፉን ገመድ ጠቅልዬ ከምንጣፉ ሥር አኖርኩት። ማፊ ሙሽኪላ።»

«ችግር የለም» ለማለት ሰዉ ሁሉ የሚለውን ይህን «ማፊ ሙሽኪላ» የሚሉትን የዐረብኛ ቃል አልወደውም። ክሊኒኩ ውስጥ አስተርጓሚ ነኝ፤ ተቃጥለው ከሚመጡት ብዙዎቹ ቀድመው የተናገሩት እሱን ነው። ሽማግሌውን ግን እወዳቸዋለሁና ነገሩን ለናሁሰናይ ተውኩለት።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ከመግዛትዎ በፊት ገመዱን አንድ ጊዜ ልለካው» አለ።

«ልጄ፣ ሙቀቱን በእጄ አውቀዋለሁ፤ መለኪያ ምን ያደርግልኛል? ደግሞስ እስከ ዛሬ ጌታ ጠብቆን የለም?»

«ጠብቆናል። ወደፊትም እንዲጠብቀን እጸልያለሁ። እርስዎ ግን መኪና ሲነዱ እየጸለዩም ፍሬን ይይዛሉ።»

ጋሽ ጉደታ ሳቁ። ማሞቂያውን ለባለሱቁ መልሰው «እስቲ እንይልህ» አሉና ሦስታችንም ወደ ክፍሉ ሄድን።

አሮጌው ማሞቂያ በርቷል፤ ኦሪት በሞቀችው ቦታ ላይ ተኝታለች። ናሁሰናይ ሕፃኗ ትነሣ አለ። ሚልካ ስታነሣት ልጅቱ በሳልና በለቅሶ ነቃች፤ ጋሽ ጉደታም ቅር አላቸው። ወጣቱ የግድግዳውን ሶኬት ክዳን ፈትቶ አንዱን ሽቦ ከቦርሳው ባወጣው መለኪያ መቆንጠጫ አቀፈው።

«እዚህ መቶ ሃያ ሰባት ቮልት አለ። የሚያልፈው ከረንት አሥር አምፔር ነው።» ወደ ገመዱ ጫፍ ሄዶ ደግሞ ለካ። «ማሞቂያው ጋ የደረሰው ግን መቶ አሥራ አምስት ነው። ጋሼ፣ አሥራ ሁለቱ ቮልት የት ገባ?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? የተማርከው አንተ አይደለህ?»

«ገመዱ በላው። ቮልቱ ለአምፔሩ ሲካፈል የገመዱ ሬዚስታንስ ይወጣል፤ ከረንቱን ምን ያህል እንደሚያስቸግረው ማለት ነው። አሥራ ሁለት ለአሥር፣ አንድ ነጥብ ሁለት ኦም። ቮልቱንና አምፔሩን ሲያባዟቸው ደግሞ ኃይሉ ይወጣል፤ መቶ ሃያ ዋት።»

«መቶ ሃያ ዋት ምን ያህል ነው?»

«ሁለት ባለ ስድሳ አምፖል ነው፣ ጋሼ። በርተው ከኦሪት ጀርባ ሥር ተቀብረዋል።»

ሽማግሌው ምንጣፉን ትኩር ብለው አዩት። «ሁለተኛ ማሞቂያ ብጨምር አራት አምፖል ይሆናል ማለት ነዋ?»

«ከዚያም ይበልጣል። ገመዱ ያው ነው፤ ከረንቱ ግን ወደ አሥራ ስምንት አምፔር ይወጣል። ያን ጊዜ ገመዱ ወደ ሃያ ሁለት ቮልት ይበላል። ሃያ ሁለትን በአሥራ ስምንት ያባዙት፤ አራት መቶ ዋት ገደማ ነው።»

«ታዲያ ይህቺ ልጅ በብርድ ትሙት?» አሉ ጋሽ ጉደታ። እልህ አልነበረም፤ ለልጅቱ ፈርተው ነው።

«እንዲያውም የበለጠ ይሞቃታል። ማሞቂያውን ቀጥታ ግድግዳው ላይ እንሰካው፤ እሷም እዚያው አጠገብ፣ ራቅ ብላ ትተኛ። የማሞቂያው ሬዚስታንስ መቶ አሥራ አምስት ለአሥር፣ አሥራ አንድ ተኩል ነው። ሙሉውን መቶ ሃያ ሰባት ካገኘ አሥራ አንድ አምፔር ይስባል። አሁን የሚሰጠን ሺህ መቶ ሃምሳ ዋት ነው፤ ያን ጊዜ ሺህ አራት መቶ ይሰጠናል። ሁለተኛም አያስፈልግዎትም።»

ሶኬቱን ነቅሎ ምንጣፉን ገለጠው። ጀርባው ጠቁሯል። የተጠቀለለው ገመድ ፕላስቲክ ለስልሶ እርስ በርሱ ተጣብቋል፤ የቃጠሎ ሽታም ወጣ። ጋሽ ጉደታ ነኩትና እጃቸውን መለስ አደረጉ።

«እዚህ ያስተኛኋት እኔ ነኝ» አሉ። ሚልካ ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

እነሆ፣ ማሞቂያው ቀጥታ ግድግዳው ላይ ተሰክቶ አንድ ቀጭን ገመድ ከክፍሉ በመውጣቱ ብቻ ክፍሉ ሞቀ፣ ሌላ ማሞቂያ ሳይገዛ ቀረ፣ ሕፃኗም ከእሳት ራቀች። ይህ ሁሉ የተገኘው በአንድ ማካፈልና በአንድ ማባዛት ነው። የታመመን ሰው ሞቅ ያለ ቦታ ላይ ማስተኛት ደግነት ነው። ሙቀቱ ከየት እንደመጣ መጠየቅም የዚያው ደግነት ክፍል መሆኑን ለሚያነበኝ ሁሉ እነግራለሁ።

ጋሽ ጉደታ ግን የእኔን ምክር የሚሰሙበት ጊዜ አልነበራቸውም። ስልካቸውን አውጥተው ይደውላሉ። ለካስ በአቅራቢያው ባለችው ሰይሃት ከተማ ለሚሰበሰቡት ወንድሞችና ቤተሰቦቻቸውም ገመድ ጠቅልለው ከምንጣፍ ሥር ያኖሩላቸው እሳቸው ነበሩ። ከእነሱ አንዱ የሆነው አማኑ ስልኩን አንሥቶ በሹክሹክታ፣ «ጋሼ፣ ጸሎት ላይ ነን» ሲል እኛም ሰማነው።

«አቋርጡት» አሉ ጋሽ ጉደታ። «መጀመሪያ ልጆቹን ከምንጣፉ አንሡ። ከዚያ ሶኬቱን ንቀሉ። እኔ እየመጣሁ ነው።»