«ወዴት ነው የምታሰፍሩን?»

እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይብረሪ ለአንድ አማካሪ ኮሚቴ ላስተረጉም ሄጄላችሁ ነበር። የሕመም ማስታገሻ ኪኒን የሚሸጡ ካምፓኒዎች፣ ሰው በሱስ ስላለቀ ተከሰው ለካውንቲው፣ ለአካባቢው አስተዳደር ማለት ነው፣ የከፈሉት ገንዘብ አለ። ኮሚቴው ገንዘቡ ምን ላይ ይዋል የሚለውን ሕዝቡን ጠይቆ ካውንቲውን ያማክራል። ለስብሰባው የተበተነውን የአማርኛ ፍላየር በጥድፊያ የተረጎምኩት እኔው ነኝ። ስብሰባው ሳይጀመር አንዲት እናት ጠሩኝና «ልጄ፣ ወዴት ነው የምታሰፍሩን?» አሉኝ። «ማን ሊያሰፍርዎት እማማ?» ስላቸው ፍላየሩን ዘረጉልኝ። ለካ ሰፈራም የክስ ካሳም የሚሆነውን ሴትልመንት የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል «የሰፈራ ገንዘብ» ብዬዋለሁ! «በደርግ ጊዜ ወንድሜን ለሰፈራ ወስደውት አልተመለሰም። እኔ ከቤቴ አልነቃነቅም ልላችሁ ነው የመጣሁት» አሉ። «ይቅርታ፣ ካሳ ለማለት ነው። በኪኒኑ ለደረሰው ጉዳት» አልኳቸው።

ፍላየሩን ቀስ ብለው አጠፉት። «ልጄ የሞተው በሱ ነው» አሉ። «ወገቡን ሲያመው ያዘዙለት ኪኒን ሱስ ሆነበት። ትንፋሹ የቆመ ቀን፣ ትንፋሽ የሚመልሰው መድኃኒት ኮመዲኖው ላይ ነበር። አፍንጫ ውስጥ የሚነፋ ነገር ነው። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ስለሆነ የጉንፋን መስሎኝ አልነካሁትም።» ተራቸው ደርሶ ሰብሳቢዋ ገንዘቡ ምን ላይ ቢውል ይሻላል ስትላቸው ወደኔ ዞሩ። «መድኃኒቱ ላይ በአማርኛ ይጻፉበት በላቸው። ግን ጎበዝ ሰው ይተርጉመው።»

ሁለቱንም ዓረፍተ ነገር አንድ ቃል ሳልስት ተረጎምኩላቸው።