እጅጌ የሌለው ቀሚስ

ግቢ፣ ግቢ የኔ እመቤት! በሩን ብቻ… አይ ተይው፣ እኔ እዘጋዋለሁ፤ በበረዶው ጊዜ እንጨቱ አብጦ በትከሻ ካልተገፋ አይገጥምም። እንዴት ሰነበታችሁ? ባለቤትሽስ ደህና ናቸው? ተመስገን። እሳቸው ደህና ከሆኑ እኛ ምን እንሆናለን…

ካፖርትሽን ወንበሩ ላይ ጣል አድርጊውና መስታወቱ ፊት፣ ዱካዋ ላይ ውጪልኝ። እንደሱ። ታቹን ብቻ ነው የምናሳጥረው አይደል? ሁለት ጣት ይበቃዋል። እስፒል በጥርሴ ነክሼ ስለማወራ አንዳንድ ቃል ቢያመልጠኝ እንዳትቀየሚኝ። እኔ እጄ ሲሠራ አፌ አያርፍም፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነኝ። አንቺ ደግሞ ከተንቀሳቀስሽ እስፒሉ ይወጋሻል። ስለዚህ አንቺ ቁሚ፣ እኔ ላውራ።

አየሩ ግን እንዴት ተሻለ! ዛሬ ጠዋት የጣራው በረዶ ጠብ ጠብ ሲል ብሰማ ዘፈን መሰለኝ። አሥራ አንድ ቀን እኮ ነው! እዚህ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ምን እንደነበር ልንገርሽ? ማታ በባልዲ ያስቀመጥኩት ውሃ ጠዋት በመዶሻ ነበር የሚሰበረው። የስፌት መኪናዬ ዘይቷ ረግቶ አልዞርም ብላኝ በካውያ አሙቄ ነው ያስነሳኋት። የመስኮቱን ስንጥቅ የሃያ ዓመት ቁርጥራጭ ጨርቄን ጠቀጠቅኩበት። ሦስት ካልሲ ደርቤ፣ የሟቹን ባለቤቴን ካፖርት ለብሼ፣ በላዩ ብርድ ልብስ በገመድ አስሬ… አንድ ቀን በዚሁ መስታወት ራሴን አይቼ “ማንን ፈለጉ?” ልል ምንም አልቀረኝ።

ሥራስ ነበረኝ፣ አልዋሽም። የሕንፃው ሰው ሁሉ ብርድ ልብሱን ተሸክሞ ይመጣል። “ካፖርት አድርጊልኝ”፣ “ገበር ጨምሪልኝ”፣ “ሁለቱን ሱሪ አንድ አድርጊልኝ”። ጡረታ የወጡት መምህር፣ ከአራተኛ ፎቅ፣ ቀዩን የከፋይ መጋረጃቸውን አውርደው አመጡልኝና ካባ አድርጌ ሰፋሁላቸው። ደረጃውን ሲወጡ ንጉሥ ይመስሉ ነበር፤ የሚንጠባጠበው አፍንጫቸው ብቻ ነው ያጋለጣቸው።

እና በዚያ ሁሉ መከራ ውስጥ ያጽናናን ማን መሰለሽ? አንድ ትልቅ ሰው አሉን። ማን እንደሆኑ አልነግርሽም፤ ሰው ማማት አልወድም። ሕንፃውን ሁሉ የሚያሞቀው ቦይለር ያለበት ክፍል ቁልፍ በእሳቸው እጅ ስለሆነ ቁልፍ ያዡ እንበላቸውና ይለፍ። ታውቂያቸው ይሆናል… ላታውቂያቸውም ትችያለሽ። አብሮ መኖርና መተዋወቅ ለየቅል ነው።

እንደሳቸው ያለ ርኅሩኅ ሰው አላየሁም! በረዶው መንገድ ዘግቶ የናፍጣው መኪና የቀረ ዕለት፣ ሌላው ሰው ስለራሱ ሲጨነቅ እሳቸው ስለ ቦይለሩ ተጨነቁ። “ማሽኑ ይደክመዋል፣ ይረፍ” አሉ። ለብረት የሚራራ ልብ አይተሽ ታውቂያለሽ? ከዚያ በየፎቁ ማስታወቂያ ለጠፉ። “ያለን ናፍጣ እስኪተካ ድረስ ማሞቂያው በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ይሠራል፤ ለሁሉም እኩል።” እኩል የምትለዋን ቃል በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ አስምረውባታል። ያኔ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ። እኩል የሆነ ነገር ቀይ መስመር ምን ያደርግለታል?

የኔ በር ላይ ሲለጥፉ ወጣሁና አየኋቸው። ካፖርት፣ ጓንት፣ ኮፍያ፣ የአንገት ልብስ… “ብርድ ጨረሰን እኮ!” እያሉ ጥርሳቸውን ያንቀጫቅጫሉ። ከጆሮ ግንዳቸው ግን ላብ ይወርዳል። ቁልቁል! የሸሚዛቸው ኮሌታ ርሷል። እኔ የዋሂቱ “ጋሼ፣ ወባ ይሆን እንዴ? ሙቅ ውሃ ልስጥዎ?” አልኳቸው። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? “ኃላፊነቱ ነው የሚያልበኝ።” እንዴት ያለ ሰው ነው! እኛ ኃላፊነት ስለሌለብን ነው ለካ የበረደን።

ዞር በይ እስቲ… በቃ። ደግሞ ድመቴን ልንገርሽ። ድመቴ በሁለተኛው ቀን ጠፋችብኝ። ሞታለች ብዬ አለቀስኩ። ለካ የሕንፃው ድመት ሁሉ ታች ወርዶ አንድ በር ሥር ተደርድሮ ተኝቷል። የአንድ ሰው በር ነው… የማን እንደሆነ ምን ያደርግልሻል? ድመት ማስታወቂያ አታነብም፤ እኩል መሆኑን የነገራት የለም።

በሦስተኛው ቀን ደግሞ አንዲት ደንበኛዬ መጣች። ስሟን አልናገርም፤ ሙያዬ ነው። ሁሉ ሰው ገበር ጨምሪልኝ እያለ በሚለምነኝ ሰሞን እሷ ስስ ጥጥ ይዛ መጥታ “ለቤት የምትሆን ቀለል ያለች ቀሚስ… እጅጌ የሌላት” አለችኝ። በዚያ ብርድ! “አንገቷንም ሰፋ አድርጊው፣ ያፍነኛል” ብላ…

ወይኔ! ወጋሁሽ? ይቅር በይኝ የኔ እመቤት። ወግ ይዤ ስወጋሽ! አልደማሽም፣ አይዞሽ። ቆዳሽ ግን እንዴት ለስላሳ ነው፤ የኛ እንኳ በብርዱ ተሰነጣጥቆ… አንቺን እግዜር ጠብቆሻል።

የት ደረስኩ? አዎ፣ ጎረቤቴ። ያቺ አውቶቡስ ላይ ትኬት የምትቆርጠዋ፣ ግድግዳ የምትጋራኝ። የሃያ ቀን አራስ ነበረች። ያቺ አንድ ሰዓት የተባለች ሙቀት እኛ ፎቅ ደርሳ አታውቅም፤ በሷ ቤት ማሞቂያ ላይ ጣትሽን ብታሳርፊ ከቅዝቃዜው የተነሳ ይጣበቃል። ልጁን ይዛ እኔ ጋ መጣች። የኤሌክትሪክ ምድጃ ከሰካሁ ፊውዙ ይቃጠላል፤ የቤቴ መስመር የሚችለው ካውያ ብቻ ነው። ስለዚህ አንሶላ ተኩሼ እሰጣታለሁ፣ ትጠቀልለዋለች፤ እሱ ሲቀዘቅዝ ሌላውን ተኩሼ… እንደ ዳቦ እየተቀባበልን አምስት ቀን እንዲያ አቆየነው። ምን የመሰለ ልጅ መሰለሽ! ሲሞቀው ምላሱን ያወጣል።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት መብራት ጠፋ። ካውያው ቀዘቀዘ። ልጁም ማልቀስ አቆመ።

ልጅ ዝም ሲል ደስ ይላል፣ አይደል? እኛ ግን ገልጠን ስናየው ከንፈሩ የዚህን ክር ቀለም መስሏል… ይታይሻል? ሰማያዊውን። እናቱ ደረቷ ውስጥ ከተተችውና በነጠላ ጫማ ደረጃውን ወረደች። እኔም ተከተልኳት።

ድመቶቹን ተራምዳ አንኳኳች። በሩ ሲከፈት ሙቀቱ በፊታችን ላይ እንደ ፎጣ ወደቀ። ቁልፍ ያዡ በካናቴራ ናቸው! በእጃቸው ጋዜጣ ይዘው እያራገቡ! ከኋላቸው መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ቤቱ እንዲናፈስ። “ምነው በደህና?” አሉ። “ልጄ” አለች። “ሁላችንም እኮ ነን የተቸገርነው” አሏት፣ በካናቴራ። “ቦይለሩን እንዳልከፍት ቁልፉ ጠፍቶብኛል።”

ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር። እሷ በክንዳቸው ሥር ሾልካ ገባችና ልጁን ማሞቂያው አጠገብ ሶፋው ላይ አስተኛችው። መስኮቱን ዘጋች። ከዚያ ዞር ብላ “እግዚአብሔር ይስጥልን ጋሼ” አለቻቸው። እኔ ደግሞ ምን ላድርግ? ደረጃው ላይ ወጥቼ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራሁ። “ኑ! እንዲህ ያለ ደግ ሰው በራቸውን ከፍተውልናል!”

አሥራ አራት ሰው ገባ። ብርድ ልብሱን ይዞ፣ ድስቱን ይዞ። ዘበኛው ከነዱላው። መምህሩ ከነቀይ ካባቸው። ምንጣፉ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም፣ ሙች! እንዲያውም ስናመሰግን ነው የዋልነው። መምህሩ ምን አሏቸው መሰለሽ? “ይህን ሁሉ ሙቀት ብቻዎን ተሸክመው ሲሰቃዩ ለምን አልነገሩንም? እንረዳዎት ነበር እኮ።”

የቤቱ እመቤትም ነበረች መሰለኝ… እጅጌ የሌላት ቀሚስ ለብሳ ከኩሽናው በር አጮልቃ አየችንና ተመለሰች። ፊቷን ግን ልብ አላልኩትም። አንቺ ያን ቀን የት ነበርሽ? እ? … ይሁን፣ አትናገሪ፣ ልኬቱ ይዛነፋል።

ልጁ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ አንድ ጊዜ ተንፈራገጠና አለቀሰ። ምን ዓይነት ለቅሶ! ዘበኛው፣ ያ ግዙፍ ሰው፣ ፊቱን በብርድ ልብስ ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ። እናትየዋ ያኔ ነው ወለሉ ላይ ቁጭ ያለችው።

እኩለ ቀን ሲሆን የጠፋው ቁልፍ ተገኘ። የት? ከገዛ ሱሪያቸው ኪስ! ሰው ለሌላው ሲያስብ የራሱን ኪስ መፈተሽ ይረሳል። ወርደን የቦይለሩን ክፍል ከፈትን። ወደ ላይኞቹ ፎቆች የሚወጡት ቧንቧዎች መክፈቻቸው ተዘግቶ በሽቦ ታስሯል። አንዷ ብቻ እስከ ጥግ ተከፍታለች… ወደ ማን ቤት እንደምትሄድ መምህሩ በጣታቸው ተከትለው አይተዋል። እኔ ግን ዓይኔ ደካማ ነው። ሽቦውን ፈታነው። ቧንቧዎቹ ጓ ጓ እያሉ ሞቁ፣ የቀሩትን አምስት ቀናት እንደ ሰው ኖርን። ቁልፉ አሁን መግቢያው ላይ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሁሉም ያየዋል።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ… ይህን እንኳ ለቀልድ አይደለም። ያንን ስስ ጥጥ ስቆርጥ ገብቶኝ ነበር። በዚያ ብርድ እጅጌ የማትፈልግ ሴት ቤቷ ምን እንደሚመስል ለማወቅ መማር አያስፈልግም። ሦስት ቀን ዝም አልኩ። ደንበኛዬን እንዳላጣ ብዬ። ያ ልጅ በእጃችን ላይ ቢቀር ኖሮ ያንን የሰፋሁበትን መርፌ የት እደብቀው ነበር? እናቱ ፊት ቆሜ ነገርኳት። ብዙ አየችኝና “ሻይ ጠጪ” አለችኝ። እኔ እንግዲህ ተናገርኩ። ሌላም የሚናገር ካለ… በሯ ከኔ ቀጥላ ናት። ስታንኳኪ ቀስ በይ፣ ልጁ ይተኛል።

ለማንኛውም ቁልፍ ያዡን የሰደበ የለም። ጠዋት ጠዋት ደረጃው ላይ ስናገኛቸው ትንሽ ትልቁ “እንዴት አደሩ ጋሼ፣ ሞቆዎት?” ይላቸዋል። ከክብር በቀር ምን አለው? እሳቸው ግን አቀርቅረው ያልፋሉ። አሁንማ “ለጤናዬ” ብለው በሚመጣው ሳምንት ቤት ሊቀይሩ ነው አሉ። እናንተም በሚመጣው ሳምንት ነው አይደል የምትለቁት? የአጋጣሚ ነገር!

ጨረስን፣ ውረጂ። ቀስ ብለሽ። አምሮብሻል! ምነው እጅሽ በረደ? ቤቱ ሞቃት ነው እኮ…

እኔ ቂም የለኝም፣ የኔ እመቤት። ቁልፍ ያዡን በአጋጣሚ ካገኘሻቸው እንዲህ ብላ መረቀችዎ በያቸው። ፈጣሪ ረጅም ዕድሜ ይስጥዎ። ዕድሜዎም ሲሞላ ለሥራዎ የሚገባውን ቤት እሱ ራሱ ያዘጋጅልዎ፤ ብርድ የማይደርስበት፣ ናፍጣ የማያልቅበት፣ ቀን ከሌት እሳቱ የማይጠፋበት ቤት። አንቺንና ባለቤትሽን ደግሞ… እንዲህ እንደተዋደዳችሁ እዚህም እዚያም አይለያችሁ።

አሜን በይ እንጂ!