አጋጭም አስታራቂም የሆኑት ሴሎች

ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ አንድ አዛውንት ከባለቤታቸው ጋር ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ያለችው ወጣት ሕክምና እንደምትማር ስትነግራቸው ጣቶቻቸውን ዘርግተው አሳዩዋት።

«ይኸውልሽ ልጄ፣ ይሄ ሁሉ አብጦ ነበር። ሐኪሙ የገዛ ሰውነትዎ ነው መገጣጠሚያዎን የሚያጠቃው አለኝ። ምን በደልኩት?»

«ምንም አልበደሉትም አባባ። በሽታ የሚከላከሉልን ሴሎች አንዳንዴ ይሳሳታሉ።»

«ተዉ የሚላቸው የለም?»

«አለ እንጂ። ኤንኬቲ የሚባሉ ጥቂት ሴሎች አሉ። ቶሎ ደርሰው ለሌሎቹ መልእክት ይሰጣሉ። አንዳንዴ በርቱ ብለው ያነሳሷቸዋል፣ አንዳንዴ ደግሞ በቃ ብለው ያበርዷቸዋል።»

«ሁለቱንም እነሱው?»

«ሁለቱንም። መቼ የትኛውን እንደሚያደርጉ ገና እየተጠና ነው።»

«ወላሂ፣ እኔም ቤት አንድ አለች! ጠቡን የምታነሳውም የምታስታርቀውም እሷው ናት።»

ባለቤታቸው ሳቁ። «እንግዲያው ዛሬም ላንሳው። ልጄ፣ ተሻለኝ ብሎ ኪኒኑን ከተወው ሰነበተ።»

«እውነት ነው አባባ?»

«እብጠቱ ጠፋ፣ አልሐምዱሊላህ! ለምን እውጣለሁ?»

«ያጠፋልዎት እኮ ኪኒኑ ነው። ሐኪምዎን ሳያማክሩ ከተዉት ተመልሶ ይነሳል።»

«እሺ፣ ኢንሻአላህ አንድ ቀን ብቅ እላለሁ።»

«ዛሬ ነው» አሉ ባለቤታቸው። «ወዴት የምንሄድ መሰለህ?»

«ልጃችንን ልንጠይቅ ነዋ!»

«መጀመሪያ ሐኪሙ ጋ ነው። ቀጠሮ አስይዣለሁ።»

አዛውንቱ ሳቃቸውን ለቀቁት። «አሁን ይሄ ጠብ ነው እርቅ?»

«እሱን ሐኪሙ ይንገርህ።»

እኔ አቀስታ ወራጅ ነበርኩ፤ ከተማዋን ማለፋችንን ሳውቅም የጨዋታቸው መጨረሻ እንዳያመልጠኝ ብዬ «ወራጅ አለ» አላልኩም።