ምስክር ያጣ ድርሰት

«እስከ ስድስት ሰዓት አርሜ ካላስገባሁ ኮርሱን እደግማለሁ፣ አያ።»

«ምነው፣ ምን ብለህ ጻፍክ?»

ወደ ዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠው ተማሪ ባለ ሦስት አንቀጽ ድርሰቱን አጠገቡ ለተቀመጡት ገበሬ አነበበላቸው።

«የከተማ ኑሮ ጥሩ ነው። እጅግ ጥሩ ነው። ከገጠር ይሻላል።»

«ሦስቱም አንቀጽ ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«እኛ ዘንድ ድንበር የተገፋ ሰው ሽማግሌ ፊት ቆሞ ‹ተገፋሁ፣ ተገፋሁ› ቢል ማን ይሰማዋል? አንዱን ነገር ይናገራል፣ ምስክሩን ያቆማል፣ ከዚያ ወደ ሌላው ያልፋል።»

«እኔ ሦስቴ ጮኼ ተቀመጥኩ በሉኛ።»

«ለከተማህ ምስክር አለህ?»

«እንጃ። የቧንቧ ውሃ እንኳ የሚመጣልን በሳምንት አንዴ ነው።»

«እሱማ የኔ ምስክር ነው።»

«እንግዲያ የገጠሩን ልጽፍ ነው?»

«ያየኸውን ጻፍ።»

ተማሪው «ወራጅ አለ» ብሎ ወረደ።

በሩ ሲዘጋ፣ ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ የያዝኳቸውን፣ ሁሉም «እወድሻለሁ» ብቻ የሚሉትን አርባ የፍቅር ግጥሞች አስቤ አንገቴን ደፋሁ።