ጠረጴዛው የዋጠው ድምፅ

እማማ፣ ፀሐይዋ ዓይንዎ ላይ ዞረች፤ ወንበሩን ትንሽ ላስጠጋልዎት? እንደሱ... አሁን ጥሩ ነው። ልጁ አልከበደዎትም? ጉልበትዎ ላይ ሲሆን እኮ ሌላ ልጅ ነው የሚሆነው። እኔ እስከዚያው ይቺን ልብስ ላጣጥፍ። ጥሩ አድርጎ ደርቆልኛል። ትናንት ያ ዝናብ ሳይታሰብ ሲወርድ እንዴት እንደሮጥኩ አይተዋል አይደል? ያለውን ሁሉ ሰብስቤ አስገባሁ። ደጅ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው... እሱ ደግሞ ልብስ አይደለ፣ አይታጠፍ።

ጮክ ብዬ ሳወራ እንዳይቀየሙኝ። ሰሞኑን ጆሮዬ ደከመብኝ ስላሉ ነው እንጂ የኔ ድምፅማ መች ከደጃፍ አልፎ ያውቃል? ልጅዎ ሲያገባኝስ «ዝምተኛ ናት» ተብሎ አይደል የተመሰከረልኝ? ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እውነት ነው፣ ዝም አይነቅዝም። ደጅ ሲያድር የሚነቅዘው ጠረጴዛ ነው...

ተዉት፣ ሌላ እናውራ። ይሄ ስቴሪዮ ከገባ ወዲህ ቤታችን ቤት መሰለ፣ አይደል እማማ? ሁለቱ ስፒከሮች እንደ ሚዜ ግራና ቀኝ ቆመው፣ መሐላቸው ያ ጥቁሩ ማጉያ በትንንሽ መብራቱ ዓይኑን እያርገበገበ... ሲያዩት ብቻ ያጠግባል። ሲሰሙት ደግሞ... እሱን እንመለስበታለን።

የገጠመው ሰውስ! እንደዚያ ያለ ሙያተኛ በየቤቱ ይገኛል? ማንን ነው የምትይው እንዳይሉኝ፤ አንድ ሰው ነው። እርስዎ የወለዷቸውን ማለቴ አይደለም፣ ምን በወጣኝ! እርስዎ የወለዷቸው ሁለት ናቸው። ታናሹ ባሌ ነው፣ ሥራው ላይ ነው። ታላቁ ደግሞ ይኸው እዚህ ግቢ ባለው ክፍላቸው ውስጥ፣ በሩ ገርበብ ብሎ፣ ለእንግዶቻቸው ብለው ጺማቸውን እየተላጩ ነው። መላጫቸውን ሳፋው ላይ መታ መታ ሲያደርጉ ይሰማኛል። እሳቸውን በዚህ ወሬ ምን አገባቸው? እኔ የማወራው ስለ አንድ ሰው ነው።

ታዲያ ያ ሰው ካርቶኑን የከፈተ ቀን፣ ከላይ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ወጣች። ሥዕል በሥዕል ናት፤ ይሄ ሽቦ እዚህ፣ ያኛው እዚያ የምትል። አገላብጦ እንኳን ሳያያት «ይቺ ላልተማረ ሰው ናት» አለና ከካርቶኑ ጋር ወረወራት። እኔም አነሳኋት። ላልተማረ ከሆነችማ የኔ ናት ማለት አይደል? ዘጠነኛ ክፍል ላይ የቆመ ሰው እሷን ካላነበበ ምን ያንብብ? እሱ ምን ያድርጋት፤ ግድግዳችን ላይ የሰቀላት የምረቃ ወረቀት ማኅተሟ ብቻ የእኔን መዳፍ ታክላለች። ሦስት ወር ሙሉ አቧራዋን የማራግፈው እኔ አይደለሁ? በደንብ አድርጌ ነው የማውቃት።

ሽቦውንም ሲያስር እጁን ማየት ነበር። ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሐል ይዞ፣ ከእጮኛው ጋር እየተሳሳቀ፣ ወደ ሽቦው እንኳን ዞር ሳይል! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል ነበር፤ እየሳቁ የቋጠሩት ግን አይፈታም ለካ። ቋጠሮው ጥብቅ ያለ ነበር። ጥብቀቱ ላይ እንከን አይወጣለትም።

ከዚያ ድምፁ ወጣ። መውጣቱንስ ወጣ... ግን እማማ፣ ሆድ አልነበረውም። ዘፋኙ ጉሮሮውን ብቻ ይዞ የመጣ ነው የሚመስለው፣ ደረቱን ቤቱ ረስቶት። ከበሮው እንደ ባዶ ጣሳ ቋ፣ ቋ። ሲጨምሩት ይጮኻል እንጂ አይወፍርም። እርስዎ «ጥሩ ነው ልጄ፣ እጅህ ይባረክ» ብለው መረቁ። ለካ ጆሮዎ መድከም የጀመረው ያን ቀን ነው...

እኔን ያስደነቀኝ ግን የዚያ ሰው ምርመራ ነው። መጀመሪያ ጥፋተኛው መጋረጃው ሆነ። አወረድነው። ልጄን ሳጠባ መንገደኛው ሁሉ አየኝ፣ ድምፁ ግን እዚያው። ቀጥሎ ምንጣፉ ነው ተባለ። ጠቀለልነው። ልጁ ባዶ ሲሚንቶ ላይ ሲድህ ጉልበቱ ተላጠ፣ ድምፁ ግን እዚያው። ኤሌክትሪኩ ደካማ ነው ተባለ። ኋላማ ዘፋኙ ራሱ ተከሰሰ፤ «ሲቀዳ ጉንፋን ይዞት ነበር» ተባለለት። አንድ ካሴት አይደለ፣ አሥራ ሁለት ዘፋኝ በየተራ! ሁሉም አንድ ላይ ጉንፋን ያዛቸው? እቤት ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ አንድም ቀን ያልተጠረጠረው ያ የቋጠረው እጅ ብቻ ነው። ምን ያለ የታደለ እጅ ነው!

መጨረሻ ላይ ተራው የጠረጴዛዬ ሆነ። መስኮቱ ሥር የነበረችው፤ አባቴ ሲድረኝ «ያቋረጥሽውን ቀጥዪበት» ብሎ የሰጠኝ። ልጁ ሲተኛ አልጀብራዬን የምሠራባት፣ የማታ ትምህርት ፈተናው ሁለት ወር ቀረው ብዬ ቀን የምቆጥርባት። «እንጨቱ ድምፁን እየዋጠው ነው» አለ። ባሌ «የሚያውቅ ሰው ካለ፣ አለ ነው» አለ። እርስዎም «የተማረ ይግደለኝ» አሉ። ልክ ነዎት እማማ፣ የተማረ ይግደለኝ። እኔ ጋ ሲደርስ ግን ከጠረጴዛዬ ጀመረ...

ሰኞ ጠዋት ወጣች፤ ጣሪያው ጫፍ ሥር፣ ፍሳሹ የሚያገኛት ቦታ። ሰኞ ማታ ዘፈኑ ተከፈተ። ከበሮው ቋ፣ ቋ። እርስዎም ነበሩ።

ማክሰኞ ነው እንግዲህ ነገሩ። ይሄ ጉልበትዎ ላይ የተቀመጠው ጌታ ሲድህ ሄዶ የቀኙን ስፒከር ሽቦ መዥረጥ አድርጎ ነቀለው። ቀኙ ጸጥ አለ። ግራው ብቻውን ቀረ... እማማ ይሙቱ! ከበሮው ሆድ አወጣ! ዘፋኙ ደረቱን አገኘ! ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል ነው የማውቀው፤ እነዚህ ግን ሲያብሩ ትንኝ አላሰሩ፣ አንዱ ብቻውን ሲቀር ነው ግድግዳውን የነቀነቀው። ምን ማለት ነው ይሄ ብዬ ገና ሳልጨርስ ያ ሰው ደርሶ ሕፃኑ ላይ «ያልተማረ ዘር!» ብሎ ጮኸና ሽቦውን እንደ ቀድሞው አድርጎ መለሰው። ከበሮው ወዲያው ጣሳ ሆነ። ሽቦው ሲመለስ ሆዱ ሄደ። እንደዚያ ያለ ነገር ፊቱ ላይ ተከናውኖ አለማየትም እኮ ትምህርት ይጠይቃል።

እሱ ሲወጣ ያቺን ላልተማረ የተጻፈች መጽሐፍ አወጣኋት። ሦስተኛው ገጽ ላይ ናት። ሽቦው ሁለት ክር አለው፤ አንዱ ቀይ መስመር አለበት። ቀይ ከቀዩ ቀዳዳ፣ ጥቁር ከጥቁሩ፣ በቀኝም በግራም። አለቀ። ሄጄ ባይ፣ ግራው እንደ ሥዕሉ ነው። ቀኙ ግን ቀዩ ጥቁሩ ውስጥ፣ ጥቁሩ ቀዩ ውስጥ! አንዱ ስፒከር ሲገፋ ሌላው እየጎተተ፣ መሐል ቤት ላይ ተገናኝተው ይጠፋፋሉ። እንደ አንዳንድ ሁለት ወንድማማቾች... ማለቴ፣ እንደ አንዳንድ ሰዎች።

እኔ እንግዲህ ቤት ነው የማጸዳው። ያን ቀን ከስፒከሩ ኋላ አቧራ ስወለውል ሁለቱ ክሮች ቦታ ተለዋወጡ። አቧራ መወልወል መቼም እንዲህ ነው።

ማታውን ትዝ ይልዎታል? ባሌ ጫማውን ሳያወልቅ በር ላይ ቆሞ «ዛሬ ምን ተደረገ?» ሲል? መደርደሪያው ላይ ብርጭቆዎቹ ሲንቀጠቀጡ? እርስዎ እንኳን በዚያ ጆሮዎ ደረትዎን ይዘው «እዚህ ጋ ይመታኛል» አሉ። ያ ሰው ተነሥቶ ቆመ። «አላልኳችሁም? ጠረጴዛው ነበር!» አለ። ባሌ መቼም የዋህ ነው፣ «ታዲያ ጠረጴዛው ትናንት አይደል የወጣው? ትናንት ለምን አልተሻለውም?» ብሎ ጠየቀ። መልሱን ደግሞ ዕድሜ ልኬን አልረሳውም፤ «እንጨት የዋጠውን ድምፅ እስኪተፋ አንድ ቀን ይፈልጋል» አለ።

አንድ ቀን ይፈልጋል! እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ዳይፐር ይዤ ሰማሁት። ይሄን የትኛው ክፍል ላይ እንደሚያስተምሩት ባውቅ ያቋረጥኩትን ዛሬውኑ እቀጥል ነበር።

በዚህ ቢያበቃ ዝም ባልኩ። ልምዴ ነው። ግን እንጨቱ ጠንካራ መሆኑን ወደደው። «ለሁለት ተሰንጥቆ ጥሩ የስፒከር መቆሚያ ይወጣዋል» ብሎ አናጢው ነገ ጠዋት መጋዙን ይዞ እንዲመጣ ነገረው። ይኸውልዎት እማማ፣ እኔ በገዛ እጄ ድምፁን ባስተካክለው፣ በጠረጴዛዬ ላይ ምስክር ሆኖ ቆመባት። ትናንት ዝናቡ ካባራ በኋላ ወጥቼ አየኋት። ጠርዟ ላይ በእስክሪብቶ የጻፍኳቸው ቁጥሮች ቀለማቸው ለቆ እግሯ ድረስ ወርዷል። በቀሚሴ ጠረግኳት። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

...መላጫው ድምፁን አጠፋ፣ ሰሙት? ልጨርስ።

ዛሬ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንግዳ አለ። የዚያ ሰው እጮኛ ከአባቷ ጋር ትመጣለች፤ ስቴሪዮውን ሊሰሙ። አባቷ ምን ሠርተው ነው ጡረታ የወጡት ቢሉኝ... በአንድ ትልቅ አዳራሽ ሠላሳ ዓመት ድምፅ ሲያስተካክሉ! «እኔ በገዛ እጄ ነው የገጠምኩት፣ ማንም አልነካውም» ብሎ በስልክ ሲነግራቸው ሰምቻለሁ። ማንም አልነካውም... ይሄን ስሰማ እማማ፣ ሕሊናዬ አላስተኛኝም። አንዲት ዘጠነኛ ክፍል ላይ የቆመች ሴት የተማረ ሰው ሥራ ውስጥ እጇን ታስገባለች? ሰው በእኔ የተነሣ በቃሉ ይዋሽ? ዛሬ ጠዋት ለእንግዳ ቤት ሳጸዳ ሽቦዎቹን ልክ እሱ እንደቋጠራቸው አድርጌ መለስኳቸው። ቀዩን ጥቁሩ ውስጥ፣ ጥቁሩን ቀዩ ውስጥ። ሥራ ለሠሪው አይደል የሚባለው? እሾሁን ደግሞ ለማን እንደሚሉት እርስዎ ያውቃሉ።

እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው። እኚያ ሰውዬ ሰምተው «ልጄ፣ ድምፁ ምን ሆነ?» ቢሉ፣ ማን ሊከሰስ ነው? መጋረጃው ወርዷል። ምንጣፉ ተጠቅልሏል። ጠረጴዛው ደጅ ነው። ዘፋኙንማ እሳቸው በአካል ያውቁት ይሆናል፣ ጉንፋን ነበረው አይባል። እቤት የቀረነው እርስዎ፣ እኔ፣ ይሄ ሕፃንና ሽቦው ነን...

ጊዜው ገና ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። ጠረጴዛ ለማስገባት ሁለት ሰው ይበቃል፤ አንዱን ጎን እኔ እይዛለሁ፣ አይከብደኝም። ጠረጴዛ ሲገባ አቧራ መነሣቱ አይቀርም። አቧራ ከተነሣ ደግሞ እኔ መወልወሌ አይቀርም። ያ ሰው እንጨት ነው ድምፁን የዋጠው ካለ ይሞክረዋ፤ ጠረጴዛዋ ገብታ ከበሮው ሆድ ካወጣ፣ እርስዎም በደረትዎ ይሰሙታል። የለም ራሴው ሽቦውን አስተካክላለሁ ካለም መልካም፤ ግን ወደ ስፒከሩ መድረሻው በዚህ በር ብቻ ነው፣ በእኔና በእርስዎ መሐል፤ በእናቱ... በእርስዎ ፊት ተንበርክኮ ቋጠሮውን ይፈታል ማለት ነው። በየትኛውም ቢሄዱ ጠረጴዛዬ ከክሱ ነጻ ናት። መጋዙ ለሌላ እንጨት ይሁን።

ሁለቱንም አላደርግም ካለ ደግሞ ማን ያስገድደዋል? የተማረ ሰው ነው።

እማማ፣ ልጁ ተኛብዎት እንዴ? እሺ፣ ቀስ ብለው ያቅፉት። ልብሱንም ጨረስኩ። በዛሬው ቀንማ ምርቃት ይገባናል፤ እኔ ልመርቅ፣ እርስዎ አሜን ይበሉልኝ። ለዚያ ሰው ነው፤ ከልቤ ነው። አምላክ ዕድሜና ጤና ይስጠው። ከወደዳት ጋር ያኑረው። የአማቱን ጆሮ አያድክምባቸው። ዛሬም በዚህ ደጃፍ ሲገቡ፣ እሱ በገዛ እጁ የሠራውን፣ ልክ እንደሠራው፣ ያልተማረ ሰው እጅ ሳይገባበት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አጥርተው ይስሙለት።

አሜን ይበሉ እንጂ እማማ... ትንሽ ጮክ ብለው። ውስጥ ድረስ ይሰማ።