ከአቅራብ በታች ያለች አምፖል

(በግንቦት መጨረሻ፣ ከደብረ ብርሃን ወጣ ባለ ኮረብታ ላይ፤ መምህር ናሁሰናይ ቴሌስኮፑን ተክሏል፣ የጎጆው ባለቤት ወይዘሮ ዘርትሁን ደጃፋቸው ላይ፣ ከበራ አምፖል ሥር ተቀምጠዋል።)

ዘርትሁን፦ አላጠፋም አልኩህ፣ አላጠፋም። ትናንትም ነግሬሃለሁ፤ ዛሬ ምን አዲስ ነገር መጣ?

ናሁሰናይ፦ ክረምቱ መጣ፣ እትዬ ዘርትሁን። ነገ ደመናው ይገባል፤ ከዚያ እስከ መስከረም ሰማይ የለኝም። እስካሁን ያነሳሁት ፎቶ ሁሉ በእርስዎ አምፖል ነጥቶ ቀረ።

ዘርትሁን፦ ምኑን ነው የምታነሳው ለመሆኑ?

ናሁሰናይ፦ ከአቅራብ ኮከብ አጠገብ ያለ የአቧራ ደመና ነው። ቢጫው፣ ሰማያዊው፣ ቀዩ...

ዘርትሁን፦ የሟቹ ባሌም ኮከብ አቅራብ ነበር። አቧራውን እንጂ ቀለሙን አላየሁም።

ናሁሰናይ፦ በዓይን አይታይማ። የራሱ ብርሃን የለውም፤ ጎረቤት ኮከቦች ሲያበሩበት ነው። መሣሪያው ለረጅም ሰዓት አፍጥጦ ካላየው አይወጣም።

ዘርትሁን፦ ላም አለኝ በሰማይ በለኛ። የኔዋ ምድር ላይ ናት። ልጄ ትርሲት ከፋብሪካ የምትወጣው መሽቶ ነው። ሰርቪሱ አስፋልቱ ላይ ጥሏት ይሄዳል፤ ከዚያ ይህችን አምፖል እያየች ዳገቱን ትወጣለች።

ናሁሰናይ፦ ስልኳ መብራት አለው አይደል?

ዘርትሁን፦ ስልክ ጅብ ያባርራል? ባለፈው መብራት የጠፋ ዕለት ሲከተላት መጥቶ፣ ጫማዋን ጥላ ነው የገባችው። ከዚያ ወዲህ እሷ ሳትገባ ጎኔ መኝታ አያውቅም። ደክሞኛል፣ መምህር።

ናሁሰናይ፦ እኔም ደክሞኛል። አምፖሉን ብንከልለውስ? ወደ መሬት ብቻ እንዲያበራ?

ዘርትሁን፦ የራሴን እግር ላይበት? ልጄ ያለችው ታች ነው።

ናሁሰናይ፦ እሺ፣ ይቅር። ለከርሞ ያድርሰን።

ዘርትሁን፦ ቆይ እስቲ። ያ መሣሪያ ሲያነሳ አንተ ትይዝለታለህ?

ናሁሰናይ፦ ኧረ የለም። አንዴ ካነጣጠርኩት ኮከቡን እየተከተለ ራሱ ይዞራል። እኔ ጋቢዬን ለብሼ ቁጭ ነው።

ዘርትሁን፦ ሌሊቱን ሙሉ?

ናሁሰናይ፦ ምን ላድርግ? ብነካው ይበላሻል።

ዘርትሁን፦ እንግዲያውስ የባሌ ዱላ ከበሩ ኋላ ቆሟል። ያዝና አስፋልቱ ድረስ ውረድ፤ ልጄን ይዘህልኝ ና። መሣሪያህን እኔ እጠብቃለሁ፣ እጄን አላስጠጋም።

ናሁሰናይ፦ በዚህ ጨለማ? ጅቡስ፣ እትዬ?

ዘርትሁን፦ እሷስ በየማታው ብቻዋን አይደለችም? በል ተነስ፤ አምፖሉን አጥፍቼዋለሁ።